የተዳፈነ እሳትና የጠፋ እሳት

ማታ እራት ከተበላ በኋላ እናት ምድጃውን ትዳፍናለች። ፍሙን ሰብስባ አመድ ታለብሰዋለች። ጠዋት ተነሥታ አመዱን ትቆሰቁሳለች። ፍም ካገኘች ጭራሮ ጨምራ እፍ ትላለች፤ እሳቱ ይያያዛል። ፍሙ ጠፍቶ ከሆነ ግን የቱንም ያህል እፍ ብትል አይነድም። ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ልትጭር ትሄዳለች።

ከላይ ሲታይ ሁለቱም አመድ ነው። የሚለያዩት ከአመዱ ሥር ባለው ነገር ነው።

እሳተ ገሞራም እንዲሁ ነው። እሳተ ገሞራ ማለት ከምድር ሆድ የቀለጠ ድንጋይ፣ አመድና ጋዝ የሚወጣበት ተራራ ወይም ስንጥቅ ነው። አንዳንዱ የነቃ ነው። አንዳንዱ የተኛ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የሞተ ነው። የተኛውና የሞተው ግን ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሰውም ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሀይሊ ጉቢ ነቃ

እሁድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል ሀይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱን የሚናገር የተጻፈ ታሪክ የለም። አባት ለልጁ «ይህ ተራራ ክፉ ነው» ብሎ አልነገረውም፤ አባትም አያትም አላዩማ!

አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣ። ይህ ከጉና ተራራ ከፍታ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ነፋሱ ቀይ ባሕርን አሻግሮ ወደ የመንና ወደ ዖማን፣ ከዚያም እስከ ፓኪስታንና ሕንድ ወሰደው። የገሞራ አመድ የደቀቀ ድንጋይ ስለሆነ የአውሮፕላን ሞተር ያበላሻል። ስለዚህ በሕንድ አገር በረራዎች ተሰረዙ።

በአፍዴራ አካባቢ መንደሮች አመድ ለበሱ። ሰው ሞተ ሲባል አልተሰማም። ነገር ግን ሣሩ በአመድ ተሸፈነ። ፍየሉና ግመሉ ምን ይብላ? ለአርብቶ አደር ከብቱ ጎተራው ነው። አዝመራውን በረዶ የመታበት ገበሬ ይህን ሐዘን ያውቀዋል። ደግሞም ከደጋ ወርደው በአፍዴራ የጨው ሥራ የሚውሉ ወጣቶች አሉ። ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የተኛው ለምን ይነቃል?

ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ ከታች አዲስ የቀለጠ ድንጋይ ሲመጣ ነው። የተዳፈነ ፍም ጭራሮ እንደሚጨመርለት ማለት ነው። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. የሀይሊ ጉቢ ጎረቤት የሆነው ኤርታሌ ፈነዳ። ያን ጊዜ የቀለጠው ድንጋይ ሁሉ ወደ ላይ አልወጣም። ከፊሉ ከመሬት ሥር ወደ ደቡብ፣ ወደ ሀይሊ ጉቢ በኩል ሄደ። ይህን ሳተላይቶች ከሰማይ ሆነው መዝግበውታል።

ሁለተኛው ጋዝ ነው። የጠላ ጋን አስቡ። አፉ ታፍኖ ሲቆይ ውስጡ ይብላላል። በድንገት ሲከፈት አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። በቀለጠው ድንጋይ ውስጥም ጋዝ አለ። ላዩን የደፈነው ድንጋይ መቋቋም ሲያቅተው ይፈነዳል።

ሦስተኛው የምድር መሰንጠቅ ነው። በስምጥ ሸለቆ ምድር እየተለያየች ነው። በአፋር በዓመት የምትለያየው ቢበዛ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የዘመናቱን ባንድ ጊዜ ትሠራዋለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦታ ተሰነጠቀ። በሳምንታት ውስጥ ምድር እስከ 8 ሜትር ድረስ ተለያየች። ስንጥቁም ለቀለጠው ድንጋይ መንገድ ይሆነዋል።

ጉናስ?

«ታዲያ ጉናስ አንድ ቀን ይፈነዳ ይሆን?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጉናም እሳተ ገሞራ ነበርና።

ወደ ስማዳ ወርዳችሁ የበሽሎን ገደል ተመልከቱ። ድንጋዩ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተነባብሯል። ያ ሁሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የረጋ የቀለጠ ድንጋይ ነው። ጉና ደግሞ ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ የተከመረ ነው። ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የጋይንት ወፍጮና መጅ፣ የእስቴ የቤት ግድግዳ፣ ጥቁሩ የእርሻ አፈር፣ ሁሉም የዚያ የጥንት እሳት ልጆች ናቸው።

ዛሬ ግን የጉና ምድጃ ጠፍቷል። ከሥሩ የሚመግበው የቀለጠ ድንጋይ የለም። ምድር የምትሰነጠቀውም ከእኛ በስተምሥራቅ ርቃ፣ በአፋር ነው። በደራ የሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውኃም ሊያስፈራን አይገባም። ውኃ በስንጥቅ ወደ ጥልቅ ሲወርድ የምድር ሙቀት ያሞቀዋል፤ ተመልሶም ይፈልቃል። ፍል ውኃ ያለበት ሁሉ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ስለዚህ በጉና ምክንያት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው አይኑር።

ምልክቱን ማወቅ ያድናል

የተኛ ገሞራ ሲነቃ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። መሬት ደጋግሞ ይንቀጠቀጣል። አዲስ ስንጥቅ ይታያል። እንፋሎት ይወጣል። የድኝ ሽታ ይሸታል። መሬቱም ያብጣል፤ ይህን ግን በዓይን ማየት ስለሚያስቸግር ባለሙያዎች በመሣሪያ ይለኩታል።

በፊሊፒንስ አገር ፒናቱቦ የተባለ ተራራ 500 ዓመት ያህል ተኝቶ ነበር። በሰኔ 1983 ዓ.ም. በኃይል ፈነዳ። ባለሙያዎች ምልክቱን አይተው አስቀድመው ስለ ተናገሩ፣ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሸሽቶ ዳነ።

በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ለወራት ተንቀጠቀጠ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ። የቀለጠው ድንጋይ ከመሬት ሥር ቀረ፤ ፈንታሌም አልፈነዳም። ታዲያ መውጣታቸው ከንቱ ነበር? አልነበረም! ቤቶች ፈርሰዋል፤ መሬት ተሰንጥቋል። እቤቱ ቢቆይ ኖሮ ስንቱ በተጎዳ!

በገሞራ አገር የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት። ምልክት ካየህ ውጣ። አመድ ከዘነበ አፍንጫህንና አፍህን በጨርቅ ሸፍን። የውኃውን ዕቃ ክደን። ከብቱን አመድ ከነካው ሣር አርቅ።

አመድ ስላየን ብቻ እሳቱ ጠፍቷል አንበል። ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያውቀውን እንጠይቅ።

ለውይይት

1. የተኛ ገሞራና የሞተ ገሞራ በምን ይለያያሉ?
2. የተኛ ገሞራ እንዲነቃ የሚያደርጉት ሦስቱ ምክንያቶች ምንድን ናቸው?
3. በቀበሌያችሁ ከጥንት እሳት የተገኘ ምን ነገር አለ? አሳዩ።