የሰፈር አዳራሽ የሌላት የጉባኤ ከተማ

አዲስ አበባ ለአህጉር ጉባኤ የሚሆን አዳራሽ አላጣችም። በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውና ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተበረከተው የአፍሪካ አዳራሽ፣ ለ2000 ዓ.ም. በዓል ተሠርቶ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ እስከመሆን የደረሰው ሚሌኒየም አዳራሽ፣ በቻይና መንግሥት የ200 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ተገንብቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአፍሪካ ኅብረት የጉባኤ ማዕከል፣ እንዲሁም በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ የከተማዪቱን የመሰብሰቢያ አቅም በየዘመኑ አሳድገዋል። ከእነዚህ ታላላቅ ሕንፃዎች ጎን ሲታይ ግን የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ የሚመክሩበት፣ ወጣቶች ቴአትር የሚለማመዱበት፣ እድር ጠቅላላ ጉባኤውን የሚጠራበት አዳራሽ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የሰፈር አዳራሽ ቋሚ የገቢ ምንጭና በሕግ የታወቀ ባለቤት ማጣቱ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን፣ ሲያቋቁም ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶችን እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። ከዚያ የሚሰበሰበው ኪራይ ለቀበሌው ጥገናና ለአካባቢ ልማት ስለሚውል፣ ነዋሪው ከጉልበቱና ከመዋጮው ጋር አዳምሮ በየቀበሌው አዳራሽ ማቆም ችሏል። በእነዚያ አዳራሾች የመሠረተ ትምህርት ተሰጥቷል፣ የኪነት ቡድኖች ተመሥርተዋል፣ ሰርግ ተደግሷል። ቀበሌው በቀይ ሽብር ዘመን የእስርና የምርመራ ቦታ ጭምር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ ብዙ ቤተሰቦች ዛሬም ድረስ ስሙን በሐዘን የሚያነሱት ስለዚሁ ነው። ከገንዘብ አያያዝ አንጻር ሲመዘን ግን አዳራሹ የአካባቢው ገቢ በአካባቢው የሚውልበት አሠራር ውጤት ነበር። የአስተዳደር እርከኑ በተደጋጋሚ ሲለወጥ፣ ቀበሌዎች ሲታጠፉና ወረዳዎች ሲተኩ፣ የበርካታ አዳራሾች ዕጣ ወደ ቢሮነት መቀየር ሆነ።

ሁለተኛው ሙከራ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ጋር የመጣ ነው። የኮንዶሚኒየም መንደሮች ሲነደፉ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ መካከል የጋራ መገልገያ የሚባል ዝቅተኛ ሕንፃ ተካቶ ነበር፤ ፎቅ ላይ ለማከናወን የሚያስቸግሩትን ሥራዎች፣ በግ ማረድን፣ ልብስ ማጠብንና የድግስ ወጥ መሥራትን፣ እንዲያስተናግድ የታሰበ በጎ ዕቅድ ነበር። ይሁን እንጂ የሕንፃው ግንባታ ወጪ ሲታሰብ የጥበቃው፣ የውኃው፣ የመብራቱና የጥገናው ወጪ አብሮ አልታሰበም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋሙት የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ከአባሎቻቸው የሚሰበስቡት መዋጮ ለደረጃና ለግቢ መብራት እንኳ እያነሰ በመምጣቱ፣ በየቦታው የጋራ መገልገያው ለሱቅ ወይም ለመጋዘን ተከራየ። ኪራዩ የማኅበሩን ጓዳ ቢደጉምም ለቅሶ የደረሰበት ነዋሪ ድንኳኑን የሚተክለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው።

ድንኳኑ ራሱ በቅርበት ሊታይ የሚገባው ነው። አባላት በየወሩ እያዋጡ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር የሆነው እድር በንብረት መዝገቡ የብረት ምሰሶዎችን፣ ሸራውን፣ አግዳሚ ወንበሮችን፣ ድስቶችንና ሰሐኖችን ቆጥሮ የሚይዝ፣ ንብረቱን የሚያወጣና የሚመልስ ኃላፊ ያለው፣ ለጠፋ ዕቃ ቅጣት የሚያስከፍል ተቋም ነው። ተሰብሳቢ የሌለው አዳራሽ ሊኖር ይችላል፤ እድር ግን አዳራሽ የሌለው፣ አስተዳደሩ የተሟላ ተሰብሳቢ ነው። ለአዲስ የሰፈር አዳራሽ የአስተዳዳሪ ያለህ የሚል ዕቅድ አውጪ ከዚህ የተሻለ ልምድ ያለው አካል አያገኝም።

እንቅፋቱ ያለው ሕጉ ላይ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል፤ ይህም ከከባድ የሪፖርት ግዴታ ነጻ ቢያወጣቸውም ድርጅቶች በአዋጁ የሚያገኙትን ዕውቅና ነፍጓቸዋል። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በበኩሉ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ምደባ ማለት ያለ ውድድር ለተወሰኑ አገልግሎቶች የሚሰጥ ቦታ ሲሆን፣ ማኅበራዊ አገልግሎት ከእነዚህ አንዱ ነው። አዳራሽ የሚፈልግ ሰፈር በጨረታ ከሆቴልና ከሕንፃ ገንቢ ጋር ተፎካክሮ ማሸነፍ ስለማይችል ያለው መንገድ ምደባ ብቻ ነው።

ቦታው ከተገኘ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የግንባታ ወጪ ነው፤ ከባዱ ሒሳብ ግን ከምረቃው በኋላ ይመጣል። የአፍሪካ አዳራሽን ለማደስ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 56.9 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ፣ ሥራው ተጠናቆ አዳራሹ ዳግም የተከፈተው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅት ያለው ሕንፃ ይህን ያህል ዕድሳት ከጠየቀ፣ ለሰፈር አዳራሽ ገና ከንድፉ ጀምሮ የጥገና ፈንድ፣ ማለትም ለሌላ ወጪ የማይነካ ተቀማጭ፣ ሊታሰብለት ይገባል። ለምሳሌ 5 እድሮች እያንዳንዳቸው 200 አባላት ኖሯቸው ከአባል በወር 20 ብር ለአዳራሹ ቢመድቡ በዓመት 240,000 ብር ይሰበሰባል፤ ሕንፃ ባያሠራም ለዘበኛ ደመወዝና ለመብራት ድጎማ ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1076/2010 የተደነገገው የመንግሥትና የግል አጋርነት፣ ባለሀብት ሠርቶ ከተጠቃሚው ክፍያ ወጪውን ሊመልስበት የሚችል ውል፣ ለመንገድና ለኃይል ማመንጫ እንጂ ለለቅሶና ለነዋሪ ስብሰባ የሚስማማ አይደለም፤ ወጪውን ከሐዘንተኛ መመለስ አይቻልምና። ስለዚህ ግንባታውን የከተማ አስተዳደሩ በካፒታል በጀት ሊሸፍን፣ የዕለት ወጪውን ደግሞ የእድሮች መዋጮና የሰርግ ኪራይ ሊካፈሉት ይገባል፤ ለነዋሪው በነጻ የሚጠበቁት ቀናትም በውሉ ላይ በግልጽ ሊጻፉ ይገባል።

በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ሲበተኑ እድሮቻቸውም አብረው ተበትነዋል። በአዲሶቹ መንደሮች እድር እንደገና እየተቋቋመ ባለበት በዚህ ወቅት፣ ቦታ ገና በሱቅና በፎቅ ሳይሞላ፣ የአዳራሹ የይዞታ ካርታ በማን ስም እንደሚወጣ የሚወስን ደንብ ከከተማ አስተዳደሩ ይጠበቃል።