ነርሷ የያዘችው ክፍል

ከሾኔ ተነስቶ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ሕመምተኛ የራሱን ዞን ትልቅ ሆስፒታል ለማግኘት የሌላ ዞን መሬት ያቋርጣል። ሾኔ ያለችበት ባደዋቾ ከቀረው የሀዲያ ዞን በከምባታ የተነጠለ ነው፤ መኪናው በከምባታ አልፎ ነው ሆሳዕና የሚገባው። ጉዞው ለአንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ቢሆን የሚማረር አይኖርም። ደም ግፊት ወይም ስኳር ላለበት ሰው ግን ጉዞው በየወሩ ነው፣ ያውም ዕድሜ ልክ። የመኪናው፣ የምሳው፣ አብሮ የሚሄደው ልጅ ከሥራ የሚቀርበት ቀን ሲደመር ከክኒኑ ዋጋ ይበልጣል። ብዙ ሰው መድኃኒት የሚያቋርጠው ሒሳቡ አልወጣ ሲለው ነው እንጂ ሰንፎ አይደለም።

የዚህ አካባቢ የጤና ጥያቄ ለእኔ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አላት፤ ስሙም ለሀዲያ ልጅ፣ ለ15ኛው ክፍለ ዘመን ንግሥት መታሰቢያ ነው። የከምባታዋ ዱራሜም ሆስፒታል አላት፤ ሾኔ፣ ሆመቾ፣ ሽንሽቾና ዶዮገና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ተሠርቶላቸዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። የብዙው ሰው ሕክምና ግን የሚከናወነው በጤና ጣቢያ ነው፤ በጤና ጣቢያው ውስጥ ደግሞ የክትትሉን ክፍል የያዘችው ነርስ ናት። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እስከ 25 ሺህ፣ የከተማው እስከ 40 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። ሥራውን የሚሸከሙት ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጆች ናቸው። ክትባቱ፣ የቤተሰብ ዕቅዱ፣ የቲቢ ሕክምናው፣ የኤች.አይ.ቪ ክትትሉ፣ ቁስል ማጠቡ፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ደግሞ የግፊትና የስኳር ቀጠሮው ሁሉ በነርስ እጅ ያልፋል።

ይህ አሠራር የድህነት ማካካሻ ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ፤ ዶክተር እስኪመጣ ድረስ ነርስ ትያዘው የሚል አስተሳሰብ አለ። ታሪኩ ሌላ ነው የሚናገረው። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1928 ሆሳዕና ጣቢያ ሲከፍቱ መሪያቸው ቶማስ ላምቢ ራሱ ሐኪም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በገጠሩ የሕዝቡ «ሐኪም» ለረጅም ዘመን ድሬሰር የሚባለው ረዳት የጤና ባለሙያ ነበር። በመንግሥት በኩል ደግሞ በጎንደር አካባቢ በምትገኘው ደምቢያ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በወባ ካለቀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠነው ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የአካባቢ ጤና ባለሙያን አንድ ቡድን አድርጎ ነው። ቡድኑ ያለ ዶክተር ጤና ጣቢያ እንዲመራ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። ዛሬ ከሆሳዕና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚወጡ ነርሶች የዚያ ሐሳብ ወራሾች ናቸው።

ሐሳቡ በእኛ ዘመን በትልቅ ፈተና ተመዝኖ አልፏል። የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ በሆስፒታል፣ በዶክተር ፊርማ ብቻ። በዚያ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ከጥቂት ከተሞች ውጭ ያለው ሕመምተኛ ወረፋ ሲጠብቅ ባለቀ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራው ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፤ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች መድኃኒቱን ማስጀመርና መከታተል ያዙ። ዛሬ ከ400 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መድኃኒቱን የሚወስዱት በዚህ ሥርዓት ነው። ነርስ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒትን በኃላፊነት መያዝ ትችላለች ወይ ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

ሌላው ማስረጃ ጎረቤት ነው። ቡታጅራ ዛሬ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ጋር በአንድ ክልል፣ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ናት። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በዚያው አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ዘመናዊ መድኃኒት የሚወስዱት እጅግ ጥቂት ነበሩ። የሚጥል በሽታ ያለባትን ሴት አስቡ፤ ዋናው አደጋዋ ምድጃው ነው። እሳት ዳር ሳለች ከጣላት ቃጠሎው ዕድሜ ልክ አብሯት ይኖራል። ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን ደግሞ ርካሽ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ ለመስጠትና ለመከታተልም የነርቭ ስፔሻሊስት አይጠይቅም።

ይህን በተግባር ያሳዩት ጎንደርና ጅማ ናቸው። በጎንደር ፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙ፣ በጅማ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ ከእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ሐኪሞች ጋር ሆነው የሚጥል በሽታ፣ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ክትትልን ከሆስፒታል አውጥተው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱ። ክሊኒኩን የሚመሩት የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሆኑ፤ የሆስፒታሉ ሐኪም ደግሞ ጊዜ እየቆጠረ እየሄደ ይደግፋቸዋል። ቀን ሙሉ ተጉዞ ሆስፒታል ይመጣ የነበረው ሕመምተኛ ቀጠሮውን ሰፈሩ አጠገብ አገኘ።

በአእምሮ ሕመምም እንዲሁ። የአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን ከጀመረ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል። ቡታጅራ ላይ ለከባድ የአእምሮ ሕመምተኞች ክሊኒኩን የሚይዙት እነዚሁ ነርሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዚያው አካባቢ ጥናት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፤ በጤና ጣቢያ ባሉ ጠቅላላ ባለሙያዎች የሚሰጠው ክትትል በአእምሮ ነርሶች ከሚመራው የሆስፒታል ክሊኒክ እንደማያንስ አረጋገጠ። ለሀዲያና ለከምባታ ከተሞች ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ወሬ አይደለም፤ በአንድ የክልል ቢሮ ሥር ያለ ጎረቤት የሠራው ነው።

እስቲ ወደ ክፍሉ እንግባ። ከገበያ መልስ ወይም ከባጃጅ ወርዶ በቀጥታ የገባ ሰው ግፊቱ ቢለካ ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሥራዋን የምታውቅ ነርስ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ታስቀምጠዋለች። እግር አይቆላለፍም፤ ጀርባ ወንበሩን ይደገፋል፤ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፤ የመለኪያው ጨርቅ በሹራብ ላይ አይጠመጠምም። ሽንት የያዘው ካለ ደርሶ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ትለካለች። 140 በ90ና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀጠሮም ከደገመ ነው ስለ መድኃኒት የሚወራው። በዚህች አሥር ደቂቃ ብዙ ነገር ይወሰናል፤ በችኮላ የተለካ ቁጥር ጤነኛውን ክኒን ያስውጠዋል፣ ሕመምተኛውን ደግሞ በከንቱ ያሳቅቀዋል።

ከዚያ ወሬው ይጀመራል። «እናቴ፣ ቡናው ላይ ጨው አሁንም ያስገባሉ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ የላቦራቶሪ ምርመራ ይበልጣል። እዚህ አገር ቡና በጨውና በቅቤ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ተፈልቶ በየሲኒው የሚገባውን ጨው ማንም አይቆጥረውም። አገሩን የማያውቅ ሐኪም «ጨው ቀንሱ» ሲል ሕመምተኛዋ ስለ ወጥ የተነገራት ይመስላታል። በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ የምታዋራት ነርስ ግን ሲኒውን ለይታ ትነግራታለች። የሀዲያ በዓል ያሆዴ ሲደርስ አታካና የሚባለው ምግብ በቅቤ ይቀርባል፤ በከምባታም የመሳላ በዓል ሰሞን ቅቤና ሥጋ ይበዛል። «ፈጽሞ አይንኩ» የሚል ምክር በዚያ ሰሞን የሚሰማ የለም። ጥሩ ነርስ በዓሉንና ሌላውን ቀን ለይታ ትመክራለች፤ ክኒኑ ግን በዓል እንደማያውቅ አጥብቃ ታስጠነቅቃለች።

የኢንሱሊኑ ነገር ደግሞ አለ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት መድኃኒቱ በሙቀት ይበላሻል። መፍትሔው በውኃ እየረጠበ በጥላ የሚቀመጥ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ጠርሙሱ ውኃ ሳይነካው በውስጡ ይቀመጣል። ይህን ለቤተሰቡ አሳይታ፣ መርፌውን ልጁ በራሱ እጅ እስኪወጋ ድረስ ተቀምጣ የምታስተምረው ነርሷ ናት። በተጨናነቀ የሆስፒታል ወረፋ ለዚህ ጊዜ ያለው ሐኪም ማግኘት ይከብዳል።

ታዲያ ምን ጎደለ? መጀመሪያ መድኃኒቱ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ የከምባታዋ ዳምቦያ ነበረች። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ገበሬ የመድኅን ካርድ ምን እንደሆነ ከብዙዎች ቀድሞ ያውቃል። ቅሬታውንም ያውቃል፤ መዋጮውን ከፍሎ፣ ካርዱን ይዞ፣ ተመርምሮ ሲያበቃ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ ያለው በሚላክለት ብር ይገዛል። የሌለው ይተወዋል። ለሚጥል በሽታ ክኒን በድንገት መቋረጡ ደግሞ ከቅሬታም በላይ ነው፤ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ አስከትሎ ሊገድል ይችላል። ክሊኒክ ከፍቶ ክኒን ማስቀረት ክሊኒኩን ካለመክፈት የከፋ ጉዳት የሚያደርስበት ቦታ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው የነርሷ ኑሮ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ በመላው አገሪቱ አደባባይ ወጥቶ ነበር። የዱቲ (የተረኝነት) ክፍያ ሲዘገይ በመጀመሪያ የሚዳከመው እንዲህ ያለው ጸጥ ያለ ሥራ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ሊዘጋ አይችልም፣ የክትትል ቀጠሮ ግን «ሳምንት ተመለሱ» ይባልበታል። ከዚህም ጋር የዝውውሩ ጉዳይ አለ። አንዲት ነርስ በስኳርና በግፊት ክትትል ትሠለጥናለች፤ ሕመምተኞቹን በስም፣ በቤት፣ በልጅ ታውቃለች፤ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ክትባት ክፍል ትዛወራለች። የምትተካት እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ችግር አይደለም፤ የአስተዳደር ውሳኔ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት መልስ የማይመጣበት ሪፈር ነው። ነርስ ሁሉን ትችላለች የሚል እምነት የለኝም። ግፊቱ በሦስት መድኃኒት ያልወረደ፣ እግሩ የጠቆረ የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ግፊቷ የጨመረ ሴት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ሕመምተኛው ሄዶ ሲመለስ ግን ሆስፒታሉ ምን እንዳገኘና ምን እንደቀየረ የሚገልጽ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይዞ አይመጣም። ነርሷ ከአዲሱ የክኒን ፓኮ ላይ እያነበበች ትገምታለች። በጎንደርና በጅማ ሥራውን ያጸናው ሐኪሙ ወደ ጤና ጣቢያው መሄዱ ነው፤ ይህ ግንኙነት ከሌለ ነርሷን ብቻዋን ትተናታል።

በከተሞቹ ውስጥ ከቀጠሮ የቀረውን ሕመምተኛ ለመፈለግ የሚሆን ሰው ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አለ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር የተመለመሉት የሠለጠኑ ነርሶች ነበሩ፤ ለአንዷ 500 ያህል አባወራ ተሰጥቷት ቤት ለቤት ትዞራለች። የክትትል መዝገቡና የቤት ለቤት ዙሩ ቢገናኙ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ቀጠሮው ያለፈበትን ሰው በሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

የክልሉ ጤና ቢሮና የሀዲያና የከምባታ ዞኖች ጤና መምሪያዎች ከሚቀጥለው በጀት በፊት ሦስት ነገር ይወስኑ። ለግፊት፣ ለስኳርና ለሚጥል በሽታ የሚያስፈልጉት ጥቂት ርካሽ መድኃኒቶች ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ እንዳይጠፉ የመድኅኑ ገንዘብ በቅድሚያ ይመደብላቸው። ለክትትል የሠለጠነች ነርስ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከክፍሏ አትነሳ፤ ክፍያዋም በወቅቱ ይድረሳት። የሆሳዕናና የዱራሜ ሆስፒታሎች ሐኪሞች ደግሞ ቀን ቆርጠው ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ይውረዱ። አንባቢም ዕድሜዎ ከ30 ካለፈ በዚህ ሳምንት ሰፈርዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ግፊትዎን ይለኩ፤ መድኃኒት የለም ከተባሉም የመድኅን ካርድዎን ይዘው ለምን ብለው ይጠይቁ።