የፌንጣ ዱካ፣ የአንበጣ አቅጣጫ

ክረምቱ ሲወጣ በወሎ የሆጤ ሜዳ ሣር በፌንጣ ይሞላል። አንዲቱን ምረጡና በየአሥር ሰከንዱ ያለችበት ቦታ ላይ ጠጠር አስቀምጡ፤ ራቅ ብላችሁ ካልተከተላችኋት ግን የምትለኩት የእሷን ጉዞ ሳይሆን የእናንተን ኮቴ ሽሽት ነው። ጠጠሮቹን በክር ስታያይዙ የሚወጣው ውሉ የጠፋ መስመር ነው። የትንንሽ እንስሳትን እንቅስቃሴ በስታትስቲክስ የሚያጠኑ ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ክር ነው። የሚለኩትም ሁለት ነገር ነው፦ ከጠጠር እስከ ጠጠር ያለውን ርቀትና በየጠጠሩ ላይ ክሩ የታጠፈበትን ማዕዘን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ፌንጣዋ ወደ አንድ ቦታ እያመራች ነው ወይስ ዝም ብላ ትባዝናለች የሚለው ነው። እንግሊዛዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን ጥያቄውን በ1905 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ አቀረበ። ያሳሰበው የወባ ትንኝ ሥርጭት ነበር፤ ወባን ለሚያውቅ የኮምቦልቻ ሰው ባዳ ጉዳይ አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ ወዲያው መለሰለት፤ ስሌቱን ከ25 ዓመት በፊት ለድምፅ ሞገድ ብሎ ሠርቶት ኖሯል። እንዲህ ነው፦ ፌንጣዋ በየእርምጃው 20 ሳንቲ ሜትር ብትሄድና ባትታጠፍ፣ በ100 እርምጃ 20 ሜትር ትርቃለች። አቅጣጫዋ የዘፈቀደ ከሆነ ግን ከመነሻዋ የምትርቀው 2 ሜትር ገደማ ነው፤ በ400 እርምጃ ደግሞ 4 ሜትር። እርምጃው አራት እጥፍ ሲያድግ ርቀቱ እጥፍ ብቻ ይሆናል። ከዚህ በጣም አልፋ ከተገኘች የሚስባት ወይም የሚገፋት ነገር ሊኖር ይችላል።

ማዕዘኑ ላይ ግን ተራው ሒሳብ ያሳስታል። አንዷ ፌንጣ በኮምፓስ 350 ዲግሪ፣ ሌላዋ 10 ዲግሪ ይዘው ቢሄዱ ሁለቱም ወደ ሰሜን ናቸው። ደምራችሁ ለሁለት ስታካፍሉ ግን 180 ይወጣል፤ ደቡብ! መፍትሔው እያንዳንዱን አቅጣጫ እኩል ርዝመት ያለው ቀስት አድርጎ ማሳየት ነው። ቀስቶቹን ጫፍ ለጫፍ ቀጥላችሁ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለውን ቀጥታ ርቀት ለክታችሁ፣ ለቀስቶቹ ጠቅላላ ርዝመት ታካፍላላችሁ። ውጤቱ ወደ 1 ከተጠጋ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እየሄዱ ነው፤ ወደ 0 ከወረደ አቅጣጫቸው የተበታተነ ነው።

ይህች ትንሽ ቁጥር ናት የበረሃ አንበጣን ነገር ያወጣችው። በ2006 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ክንፍ ያላወጡ ኩብኩባዎችን ከ5 እስከ 120 እያደረገ ክብ መሮጫ ውስጥ ለቀቀና በካሜራ ተከታተላቸው። ጥቂት ሲሆኑ እያንዳንዱ በየፊናው ዞረ። በካሬ ሜትር ከ25 እስከ 60 ገደማ ሲደርሱ አብረው መጓዝ ጀመሩ፤ ነገር ግን ድንገት ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይዞሩ ነበር። ከ74 ገደማ በላይ ሲሆኑ መዞሩ ቀረ፤ በያዙት አቅጣጫ ገሠገሡ።

የተሰጠው ማብራሪያ እያንዳንዱ ኩብኩባ አቅጣጫውን ከጎረቤቶቹ አማካይ ጋር ያስተካክላል የሚል ነበር። አምሮበት ነበር፤ ለእኔ ግን አማካይ ቁጥር መስማማታቸውን እንጂ የተስማሙበትን ምክንያት አይናገርም። በ2025 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት የወጣ ሥራ ይህንኑ አሳየ። ተመራማሪዎቹ አንበጣዋን በኮምፒውተር የተሣሉ ሁለት መንጋዎች መሐል አቆሟት፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ይጓዛሉ። አማካዩን የምትከተል ብትሆን አብራቸው በሄደች። እሷ ግን ወደ አንደኛው መንጋ ታጠፈች። የጎረቤቶቿን አቅጣጫ እየቀዳች ሳይሆን ዓይኗ ያረፈበትን እየተከተለች ነበር።

ወሎ ይህ ሁሉ የላቦራቶሪ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አይቷል። የደረሰ ማሽላና ጤፍ ላይ መንጋው ሲወርድ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸና ቆርቆሮ እየደበደበ ተከላከለ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ 40 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ ከነፋስ ጋር በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ክንፍ ከወጣ በኋላ የመታጠፊያ ማዕዘን መለካት ብዙ አይረዳም፤ ስሌቱ ወደ ነፋስ ትንበያ ይዞራል። ኩብኩባ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ተከታትለው ሊቀድሙት ይችላሉ። ከተፈለፈለ አንሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ በአማካይ 36 ቀን ያህል ይቆያል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ያጥራል። የወሎን ማሽላ የሚያተርፈው ቆጠራም በእነዚያ ሳምንታት፣ እንደ አፋር ባሉ ቆላዎች፣ ማሽላው ገና ሳያሽት መሠራት ያለበት ነው።