ጨጓራን የሚነካው ክኒኑ ብቻ አይደለም

በባቲ የገበያው ቀን ሰኞ ነው። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል ይዘው የሚመጡት ከወሎ ደጋ እህል ጭነው ከሚወርዱት ጋር ስለሚገናኙ በዕለቱ መድኃኒት ቤቶቹም ሥራ አይፈቱም።

ለሥራ በሄድኩበት አንድ ሰኞ አንዱ መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ ሳለ አንድ አዛውንት ጉልበታቸውን እያሹ ገቡ። «የኔ ልጅ፣ የዳይክሎፌናክ መርፌውን ስጪኝ፤ ክኒኑ ጨጓራዬን አቃጠለው» አሏት ባለሙያዋን።

«አባባ፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?»

ኢናላፕሪልና የሚያሸና ክኒን እንደሚወስዱ ነገሯት። መርፌውን ከለከለቻቸው። በምትኩ ጉልበታቸውን የሚቀቡት የዳይክሎፌናክ ጄልና ፓራሲታሞል ሰጥታ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ መከረቻቸው። አዛውንቱ አልተደሰቱም። እኔ ግን ፋርማሲስት በመሆኔ ትክክል መሥራቷን አውቃለሁ። «መርፌ ጨጓራ አይነካም» የሚለው እምነት የባቲ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ውስጥ ከተማሩ ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማገድ ነው። ፕሮስታግላንዲን ሕመምና እብጠትን ያባብሳል፤ ይሁን እንጂ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀው፣ ለኩላሊትም በቂ ደም እንዲደርስ የሚያግዘው እሱው ነው። መድኃኒቱ በአፍም ገባ በመርፌ፣ በደም ተጉዞ ሁለቱም ጋ ይደርሳል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ይበረታል?» ሳይሆን «የእኔ ደካማ ጎን የቱ ነው?» የሚለው ነው። ጨጓራው ቆስሎ ለሚያውቅ ሰው ሴሌኮክሲብ ከኦሜፕራዞል ጋር ይሻላል። ልቡን ለሚታመም ግን ሌላ ነው። ቫዮክስ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ በማስከተሉ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ከገበያ ወጥቷል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2013 (እ.ኤ.አ.) ዳይክሎፌናክ ለልብ ሕመምተኞች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። በዚህ በኩል ናፕሮክሲን የተሻለ ነው፤ ጨጓራን ግን አይምርም።

የአዛውንቱ ደካማ ጎን ኩላሊታቸው ነበር። ኢናላፕሪል፣ የሚያሸና ክኒንና ዳይክሎፌናክ ሲገናኙ ኩላሊትን በድንገት ሊያደክሙት ይችላሉ። በቆላ ሙቀት ላብ ፈሶ ውኃ ሳይጠጣ ሲዋል፣ ወይም በጾም ወቅት፣ አደጋው ይብሳል።

ጠዋት ብሩፌን፣ ማታ ዳይክሎፌናክ የሚውጡም አሉ። ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው፤ ጉዳቱ ሲደመር ማስታገሱ ያን ያህል አይጨምርም። ከዴክሳሜታዞን ጋር ሲደረቡ ደግሞ የጨጓራ መድማት አደጋ ከፍ ይላል። መድማቱ ሁልጊዜ በሕመም አይታወቅም። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።