«ሃድ» ርቀት አይለካም፦ ስለ ፓስት ፐርፌክት ተረትና እውነታ

የፓስት ፐርፌክትን ቀመር እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል፤ «ሃድ» ሲደመር «ቪ ስሪ» (የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ)። ባለቤቱ እኔም ሆንኩ እነሱ «ሃድ» አይለወጥም። አስቸጋሪው ነገር መቼ እንደሚያስፈልግ ማወቁ ነው። እዚህ ላይ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፉ የኖሩ የተሳሳቱ ደንቦች አሉ። ተማሪ ደንቡን አክብሮ ሲሳሳት ማየት ያሳዝናል፤ ጥፋቱ የደንቡ እንጂ የልጁ አይደለምና።

ተረት 1፦ ከረጅም ጊዜ በፊት የሆነ ነገር «ሃድ» ይፈልጋል።

እውነታ፦ ስህተቱ ከስያሜው ይጀምራል። በአማርኛ «የሩቅ ኃላፊ ጊዜ» እያልን ስንጠራው ርቀት የሚለካ ይመስላል። አይለካም። የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. የተገኘ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ታሪክ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ሜኒሊክ ዎን ዘ ባትል ኦፍ አድዋ» ተብሎ በሲምፕል ፓስት ይነገራል። በአንጻሩ ከአምስት ደቂቃ በፊት መናኸሪያ ደርሰን አውቶቡሱ አምልጦን ከሆነ «ዘ ባስ ሃድ ሌፍት» እንላለን። «ሃድ» የሚናገረው ከዛሬ ስለራቀው ሳይሆን ካለፈ ነገር ስለቀደመው ነው። ስለዚህ ሁለት ያለፉ ነጥቦች ያስፈልጉታል፤ አንዱ የቆምንበት፣ ሌላው ከዚያ ሆነን ዞር ብለን የምናየው።

ተረት 2፦ አማርኛው «ነበር» ካለ እንግሊዝኛው «ሃድ» ይላል።

እውነታ፦ አማርኛ ተናጋሪን ደጋግሞ የሚጥለው ይህ ነው። «ትናንት ደውዬልህ ነበር»፣ «ባለፈው ሳምንት ጎንደር ሄጄ ነበር» እንላለን። እዚህ ላይ የሚቀድመው እንጂ የሚቀደመው ድርጊት አልተጠቀሰም። «ነበር» የሚነግረን ነገሩ ሆኖ ማለፉን ነው፤ ጎንደር ሄጄ ተመልሻለሁ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው አቻ «አይ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ብቻ ነው። ያለ ምንም መነሻ «አይ ሃድ ኮልድ ዩ የስተርዴይ» ብንል ሰሚው «ከምን በፊት?» ብሎ ቀሪውን ይጠብቃል።

ተረት 3፦ «አፍተር» ወይም «ቢፎር» ባለበት ሁሉ «ሃድ» ግዴታ ነው።

እውነታ፦ ማን እንደቀደመ «አፍተር» ራሱ ተናግሮታል። «አፍተር ሺ ፊኒሽድ ኸር ዎርክ፣ ሺ ወንት ሆም» ምንም ጉድለት የለበትም። «ሃድ ፊኒሽድ» ቢባልም ትክክል ነው፤ ሥራው መጠናቀቁን ያጎላል። «ቢፎር» ደግሞ አንዳንዴ የለመድነውን ደንብ ይገለብጠዋል። «ሂ ዳይድ ቢፎር ሂ ሃድ ፊኒሽድ ዘ ቡክ» ማለት መጽሐፉን ሳይጨርስ ሞተ ማለት ነው። የቀደመው ሞቱ ሆኖ ሳለ «ሃድ» ያረፈው ባልተፈጸመው ድርጊት ላይ ነው።

«ሃድ» በእውነት የሚያስፈልገው በተለይ «ወን» በሚባልበት ቦታ ነው። «ወን አይ አራይቭድ፣ ዘ ሚቲንግ ስታርትድ» ካልኩ ስደርስ ስብሰባው ተጀመረ፤ እኔን ይጠብቁ ነበር ማለት ይሆናል። «ዘ ሚቲንግ ሃድ ስታርትድ» ካልኩ ግን ስደርስ ተጀምሮ ነበር፤ አርፍጃለሁ። በአንዲት ቃል ተጠባቂው ሰው አርፋጅ ይሆናል።

ተረት 4፦ ያለፈ ታሪክ ሲጻፍ «ሃድ» በበዛ ቁጥር እንግሊዝኛው ይጠነክራል።

እውነታ፦ ዳግማዊ ምኒልክ በ1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ፈረሙ፣ በ1885 ሻሩት፣ በ1888 አድዋ ላይ ድል አደረጉ። ታሪኩ በሆነበት ቅደም ተከተል ሲተረክ «ሳይንድ»፣ «ሪጄክትድ»፣ «ዎን» ይበቃሉ። ዓረፍተ ነገሮቹ እንደ ድርጊቶቹ ተሰልፈዋልና «ሃድ» የሚሠራው ሥራ የለም። ትረካውን ከአድዋ ጀምረን ወደ ውሉ ስንመለስ ግን «ሃድ ሳይንድ» ማለት ይገባናል። ወደ ኋላ መመለሳችን አንዴ ከታወቀ በኋላ የቀረው በሲምፕል ፓስት ሊቀጥል ይችላል። በየግሡ ላይ «ሃድ» መደርደር አንባቢን ያደክማል።

ተረት 5፦ «ሃድ ሃድ» የጽሕፈት ስህተት ነው።

እውነታ፦ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ረዳት ግሥ ነው፤ ሁለተኛው የ«ሃቭ» ቪ ስሪ ነው። «ሺ ሃድ ሃድ ለንች» ማለት ምሳዋን በልታ ነበር ማለት ነው። በንግግር ፊተኛው አጥሮ «ሺድ ሃድ» ተብሎ ይሰማል።

ተረት 6፦ ላልሆነ ነገር ቁጭት ስንገልጽ «ዉድ ሃቭ» በሁለቱም በኩል ይገባል።

እውነታ፦ «ባውቅ ኖሮ እመጣ ነበር» በእንግሊዝኛ «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን፣ አይ ዉድ ሃቭ ካም» ነው። በ«ኖሮ» በኩል «ሃድ»፣ በ«እመጣ ነበር» በኩል «ዉድ ሃቭ» ይቆማል። «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ኖውን» በንግግር ቢሰማም በጥንቃቄ በሚጻፍ እንግሊዝኛ ተቀባይነት የለውም። እዚህ ላይ «ሃድ» የሚነግረን ነገሩ እንዳልሆነ ነው።

ከቁጭቱ «ኢፍ» በቀር፣ ስንጽፍ ሁለት ጥያቄዎች ይበቁናል። የቆምኩበት ያለፈ ነጥብ የትኛው ነው? «ሃድ»ን ባወጣው የቀደመውና የተከተለው ይምታታሉ? ነጥቡ ከሌለ «ሃድ» አያስፈልግም፤ የሚምታታ ከሆነ ግን የግድ ነው። ታሪክንም ሆነ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ይህ የሰዋስው ነጥብ ብቻ አይደለም፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ካልተለየ መንስኤና ውጤት ቦታ ይለዋወጣሉ። መምህራንም ወላጆችም ቀመሩን ከማስሸምደዳችን በፊት «ስደርስ ተጀመረ» እና «ስደርስ ተጀምሮ ነበር» ምን እንደሚለያቸው ልጁን እንጠይቀው። ልዩነቱን ከእናቱ ቋንቋ ያውቀዋል፤ የጎደለው ይህ እውቀቱ በእንግሊዝኛ «ሃድ» መባሉን የሚነግረው ሰው ነው።