ሳይታመሙ መለካት

የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። አስተማሪም ይሁን ዘበኛ፣ የደምበጫ ጡረተኛ የወር አበሉን አይረሳም። ጤና ጣቢያን ግን ይረሳል። «ምን ሆኜ ልሂድ? ምንም አላመመኝ» ይላል።

የደም ግፊት ግን ብዙውን ጊዜ አያምም። ችግሩም ይኸው ነው። ሰውየው ደኅና እራቱን በልቶ ይተኛል። ጠዋት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ይለዋል፤ አፉም ይጣመማል። ጎረቤት «ጥላ ወጊ ነው» ይላል። ነገሩ ሌላ ነው። ደም በኃይል ሲገፋው የኖረ የአንጎል ሥር ተዘግቷል ወይም ፈንድቷል።

ቀድሞ ማወቂያው ቀላል ነው። ባለሙያው ክንድ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ አየር ይነፋበታል። ሁለት ቁጥር ይነግራችኋል። የላይኛው 140፣ ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ፣ በሌላም ቀን ተለክቶ እንዲያው ከሆነ፣ ግፊት አለ ማለት ነው። ዳገት ወጥታችሁ ወይም ቡና ጠጥታችሁ ወዲያው አትለኩ። መጀመሪያ አረፍ በሉ።

መድኃኒት ከታዘዘ በየቀኑ ይዋጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። የተሻለው እኮ በመድኃኒቱ ነው! ሲተወው ግፊቱ ይመለሳል። ጨውም ይቀነስ። በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ላይ ደግሞ ሲጨመር ይደራረባል።

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። ቤት ድረስ ሲመጡ ለሕፃናት ክትባት ብቻ የመጡ እየመሰላቸው አባቶች በጓሮ በር ይወጣሉ። አትውጡ። የት እንደምትለኩ ጠይቋቸው። ካርዱ ላይ የተጻፈውንም ቁጥር ራሳችሁ አንብቡት፤ ካለፈው ጊዜ ጋር አስተያዩት።