ደብዳቤው ተከፍቷልን?

ከወለንጪቲ በአደራ ደብዳቤ ማመልከቻ የላከ ሰው የመቀበያ ደረሰኝ ቢመለስለት፣ መድረሱን እንጂ መነበቡን አያውቅም። ኢሜይልም እንዲሁ ነው።

ላኪው የተቀባዩ ፕሮግራም ምን ለማሳየት እንደሚችል አስቀድሞ አያውቅም። ስለዚህ መልእክቱን በተራ ጽሑፍና በኤች.ቲ.ኤም.ኤል. አጣምሮ ይልካል፤ ፕሮግራሙም የሚችለውን ይመርጣል። በኤች.ቲ.ኤም.ኤሉ ውስጥ ዓይን የማያየው፣ የአንድ ነጥብ ስፋት ያለው ሥዕል ይሸሸጋል። መልእክቱ ሲከፈት ሥዕሉ ከላኪው ሰርቨር ይጠራል፤ ሰዓቱም እዚያው ይመዘገባል።

ይህ ምስክር ግን አይታመንም። ሥዕል የከለከለ ሰው ቢያነብም አይቆጠርም። በ2021 እ.ኤ.አ. አፕል ያወጣው ጥበቃ ደግሞ ተቀባዩ ሳይከፍት ሥዕሉን አስቀድሞ ያወርዳል።

እንግዲህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማመልከቻችሁ «ተከፍቷል» ቢባል አትዘናጉ፤ መልስ ጠይቁ። የእናንተም ሰዓት እንዳይቆጠር ሥዕል በራሱ እንዳይመጣ ከልክሉ።